የረጅም ርቀት ሯጮች የደም ስኳርና የልምምድ ክብደት

አንድ የ20 ዓመት ሯጭ የጠዋት የስፒድ ልምምዱን እንደጨረሰ የጉልበት ሕመሙን ለመታየት ወደ ጤና ጣቢያ መጣ እንበል። ከሌሊት ጀምሮ እህል አልቀመሰም። ጣቱ ተወግቶ የደም ስኳሩ ሲለካ 158 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር ሆነ። መርማሪው «ቁርስ በልተሃል?» ብሎ ጠየቀው፤ «አልበላሁም» የሚል መልስ አገኘ። በጾም የተለካ የደም ስኳር ወሰኑ 126 መሆኑን አስታውሶ በካርዱ ላይ «የስኳር በሽታ» ብሎ ጻፈ።

ሌላው ሯጭ ከልጅነቱ ጀምሮ ኢንሱሊን የሚወስድ ነው። ተመሳሳይ ልምምድ ሠርቶ ሲለካ 290 አገኘ። ቁጥሩን ለማውረድ እንደ ልማዱ ሙሉውን የማስተካከያ መጠን ተወጋ፤ ምሳውን ቀማምሶ ጋደም አለ። ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ የክፍሉ ባልደረባ ሊቀሰቅሰው ቢሞክር አልነቃ አለ።

ሁለቱ ምሳሌዎች ለማብራሪያ የቀረቡ ቢሆኑም ስሕተቱ በማንኛውም የምርመራ ክፍል ሊደርስ የሚችል ነው። በሁለቱም ላይ መሣሪያው ያሳየው ቁጥር ትክክል ነበር። የጎደለው ከቁጥሩ ጎን ሊጻፍ የሚገባው ነገር ነው፦ የተሠራው ምን ዓይነት ልምምድ ነው? ለምን ያህል ጊዜ? ካበቃስ ስንት ደቂቃ ሆነው? ዝግ ያለ ረጅም ሩጫ የደም ስኳርን ወደ ታች ይስባል፤ ጥቂት ደቂቃ የሚፈጅ ኃይለኛ ሩጫ ግን ወደ ላይ ይገፋዋል። ሰዓታት ካለፉ በኋላ ደግሞ ሁለቱም ወደ ታች ሊያወርዱት ይችላሉ። ይህን ያላገናዘበ ባለሙያ ጤነኛውን ሕሙም ሊያሰኝ፣ ሕሙሙን ደግሞ ለሞት ሊያጋልጥ ይችላል።

በደም ውስጥ ያለው ስኳር ምን ያህል ነው?

70 ኪሎ ግራም በሚመዝን ጤናማ ሰው ደም ውስጥ በማናቸውም ጊዜ የሚዘዋወረው ግሉኮስ 4 ግራም ገደማ ነው፤ ይህም ከአንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር አይበልጥም። 55 ኪሎ ግራም የሚመዝን የማራቶን ሯጭ ደግሞ ከዚህም ያነሰ ይዞ ይሮጣል። ይኸው ሯጭ በውድድር ፍጥነት ሲሮጥ በየደቂቃው እስከ 3 ግራም የሚደርስና ከዚያም የሚያልፍ ካርቦሃይድሬት ያቃጥላል። የደም ስኳር ብቻውን ቢሆን ኖሮ ከጥቂት ደቂቃዎች ያለፈ አያስሮጥም ነበር። ስለዚህ ደም የስኳር መተላለፊያ እንጂ ማከማቻ አይደለም።

ማከማቻዎቹ ሁለት ናቸው። ጡንቻዎች በግላይኮጅን መልክ ከ300 እስከ 500 ግራም የሚደርስ፣ በደንብ በሠለጠነና በበቂ በተመገበ ሯጭ ደግሞ ከዚያም በላይ ሊይዙ ይችላሉ። ጉበት ግን ከ80 እስከ 100 ግራም ያህል ብቻ ይይዛል። ጡንቻ ያከማቸውን ግላይኮጅን ለራሱ እንጂ ለደም አይሰጥም፤ ግሉኮስን ከፎስፌት አላቆ ወደ ደም የሚያስወጣው ኢንዛይም በጡንቻ ውስጥ የለምና። አንጎል በሩጫ ጊዜ የሚመገበው ከጉበት በሚለቀቀው ስኳርና ሯጩ በመንገድ ላይ በሚወስደው ነው። የእግር ጡንቻ ብዙ ግላይኮጅን እያለው የሯጩ ሐሳብ የሚበታተንበት፣ ዓይኑ የሚጨልምበት ምክንያትም ይኸው ነው።

በዕረፍት ጊዜ ጉበት ለእያንዳንዱ ኪሎ ግራም የሰውነት ክብደት በደቂቃ 2 ሚሊ ግራም ያህል ግሉኮስ ይለቃል፤ አካልም ያንኑ ያህል ይጠቀማል። በልምምድ ጊዜ የሚታየው የደም ስኳር መጠን የእነዚህ የሁለቱ፣ የገቢውና የወጪው፣ ልዩነት ነው። የልምምዱ ክብደት ሁለቱን እኩል አይለውጣቸውም።

ኢዚ እና ስፒድ

ሯጮች «ኢዚ» ብለው በሚጠሩት ዝግ ያለ ሩጫ ላይ ኢንሱሊን በመጠኑ ይቀንሳል፣ ግሉካጎን ይጨምራል፣ ጉበትም ጡንቻው የወሰደውን ያህል ስኳር ይተካል። የሚኮማተር ጡንቻ ግሉት-4 የተባለውን የስኳር አስገቢ ፕሮቲን ኢንሱሊን ሳይጠብቅ ወደ ሕዋሱ ገጽ ያወጣዋል። በጤናማ ሰው ላይ ገቢውና ወጪው ተስተካክለው ስለሚሄዱ የደም ስኳሩ ለአንድ ሰዓትና ከዚያም በላይ ብዙም አይናወጥም። ከነዳጁም ትልቁን ድርሻ የሚሸፍነው ስብ ነው።

ፍጥነቱ ከፍ ሲል፣ በግምት ከከፍተኛው የኦክስጅን አጠቃቀም አቅም 80 በመቶውን ሲያልፍ፣ ሥርዓቱ ይለወጣል። ከኩላሊት በላይ ያሉት ዕጢዎችና የሲምፓቴቲክ ነርቮች አድሬናሊንንና ኖርአድሬናሊንን በብዛት ይለቃሉ፤ የእነዚህ ሆርሞኖች የደም መጠን በዕረፍት ጊዜ ከነበረው ከ14 እስከ 18 እጥፍ ሊደርስ እንደሚችል ማርሊስና ቭራኒች የተባሉት የካናዳ ተመራማሪዎች በ2002 ባቀረቡት ዳሰሳ አሳይተዋል። በዚያው ዳሰሳ እንደተገለጸው ጉበት የሚለቀው ስኳር 7 እና 8 እጥፍ ሲያድግ የጡንቻው አጠቃቀም ግን 3 እና 4 እጥፍ ብቻ ያድጋል። ገቢው ወጪውን በለጠ፤ ስኳሩም ወጣ።

ጡንቻው ይህን ያህል እየሠራ ስለምን ከደም በብዛት አይወስድም? መልሱ በጡንቻው ውስጥ ነው። በኃይለኛ ሩጫ ጊዜ የራሱ ግላይኮጅን በፍጥነት ይፈርሳል፤ ከፍርስራሹ የሚገኘው ግሉኮስ-6-ፎስፌት በሕዋሱ ውስጥ ሲጠራቀም ከደም የሚገባውን ግሉኮስ የሚቀበለውን ሄክሶካይኔዝ የተባለ ኢንዛይም ያግደዋል። ጡንቻው ከራሱ ጎተራ እየዛቀ ስለሆነ ከውጭ የሚመጣውን አይሻም። አድሬናሊንም በዚያው ጊዜ ቆሽት ኢንሱሊን እንዳይለቅ ይይዘዋል።

ከፍተኛው ቁጥር የሚታየው ሯጩ በሚሮጥበት ጊዜ ሳይሆን በቆመ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ነው። ሩጫው ሲቆም የጡንቻው ፍላጎት ወዲያው ይወድቃል፤ ጉበት ግን ወዲያው አይዘጋም። አድሬናሊኑ ሲወርድ በጤናማ ሰው ላይ ኢንሱሊን ወደ እጥፉ ከፍ ይላል፤ ስኳሩንም በአንድ ሰዓት ገደማ ውስጥ ወደ ቦታው ይመልሰዋል። ቆሽቱ ኢንሱሊን የማያመነጭ ሰው ግን ይህ ሁለተኛው እርምጃ የለውም፤ ከፍታው ሁለት ሰዓትና ከዚያም በላይ ሊቆይበት ይችላል።

ለኢትዮጵያ ባለሙያ ልዩ ትኩረት የሚያሻው አንድ ነጥብ አለ። ለረጅም ዓመታት በጽናት ስፖርት የሠለጠኑ ሰዎች ካልሠለጠኑት ይልቅ አድሬናሊን የማመንጨት አቅማቸው ከፍ ያለ መሆኑን ኪየርና ባልደረቦቹ በዴንማርክ በ1980ዎቹ ባደረጓቸው ጥናቶች አሳይተዋል። ስለዚህ ከኃይለኛ ልምምድ በኋላ የሚታየው ጭማሪ በብርቱው ሯጭ ላይ ሊጎላ ይችላል። «ይህን የመሰለ ስፖርተኛ እንዴት ስኳሩ ከፍ ይላል?» የሚለው መደነቅ ቦታ የለውም፤ ስፖርተኛ መሆኑ ራሱ አንዱ ምክንያት ነውና።

የልምምዱን ክብደት ለመገመት ሰዓትና ኪሎ ሜትር ብቻ አይበቃም። በእንጦጦ ወይም በሱሉልታ ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ በቆላ ቀላል የሚባለው ፍጥነት ለዚያው ሰው ከአቅሙ የሚወስደው ድርሻ ከፍ ይላል። ለባለሙያው የሚቀርበው መመዘኛ ንግግር ነው፦ ሯጩ እየሮጠ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ሳይቋረጥ መናገር ከቻለ ልምምዱ ቀላል ነው፤ ከሁለት ወይም ከሦስት ቃል በላይ ማለት ካልቻለ ከባድ ነው። «ዛሬ ኢዚ ነበር» ያለ ሁሉ በእርግጥ ኢዚ ሮጧል ማለት አይደለም፤ በቡድን ሲሮጡ ከደካማው ፍጥነት የሚነሣ ሩጫ ብዙ ጊዜ በብርቱው ፍጥነት ይፈጸማልና።

ረጅሙ ሩጫ

ሩጫው ከአንድ ሰዓት ተኩል ሲያልፍ ነገሩ ይገለበጣል። ጉበት የያዘው ግላይኮጅን ይመናመናል፤ ከላክቴት፣ ከግሊሴሮልና ከአሚኖ አሲድ እየሠራ የሚተካው ስኳር የጡንቻውን ፍላጎት ማሟላት አይችልም። በ1924 የቦስተን ማራቶን ሲጠናቀቅ ሌቪን፣ ጎርደንና ዴሪክ የተባሉ ሐኪሞች የሯጮችን ደም መርምረው ነበር። ከሯጮቹ ጥቂቶቹ የደም ስኳራቸው በጣም ዝቅ ብሎ የተገኘ ሲሆን የመገርጣት፣ የመዛልና የመደናገር ምልክትም ታይቶባቸዋል። ሐኪሞቹ ሁኔታው ኢንሱሊን በብዛት የተወጋ ሰው ከሚያሳየው ጋር መመሳሰሉን አስተዋሉ። ኢንሱሊን ራሱ ለሕክምና ከዋለ ገና ሁለት ዓመት አልፎት ነበር። በቀጣዩ ዓመት ሯጮቹ አስቀድመው ካርቦሃይድሬት በብዛት እንዲመገቡና በመንገድ ላይ ከረሜላ እንዲወስዱ ተደረገ፤ የደም ስኳራቸውም ሁኔታቸውም የተሻለ ሆነ። ኮይልና ባልደረቦቹ በ1986 ብስክሌተኞችን ከአቅማቸው 70 በመቶ በሚሆን ክብደት አሠርተው እንዳሳዩት ውኃ ብቻ የጠጡት በ3 ሰዓት ገደማ ሲዝሉ ካርቦሃይድሬት የወሰዱት ወደ 4 ሰዓት ቆይተዋል። የጡንቻ ግላይኮጅን አጠቃቀማቸው ግን አልተለየም፤ ልዩነቱን ያመጣው የደም ስኳር ሳይወድቅ መቆየቱ ነበር።

ከዚህ የሚነሣው ምክር በሰፊው የታወቀ ነው፦ ከአንድ ሰዓት በላይ ለሚፈጅ ሩጫ በሰዓት ከ30 እስከ 60 ግራም ካርቦሃይድሬት መውሰድ። አንድ ጠርሙስ ባለ 300 ሚሊ ሊትር ለስላሳ መጠጥ 30 ግራም ያህል ስኳር አለው። በውኃ የተበጠበጠ በሶ ከማር ወይም ከስኳር ጋር ከሩጫው በፊትና በኋላ ጥሩ ምግብ ነው፤ በሩጫ መካከል ግን ወፍራሙ ከሆድ ላይ ይቀመጣል።

በጾም ወራትና በረመዳን ሌሊቱን ወይም ቀኑን ሳይበሉ የሚሮጡ ብዙዎች ናቸው። የአንድ ሌሊት ጾም የጉበትን ግላይኮጅን በከፊል ይቀንሰዋል፤ የጡንቻውን ግን ብዙ አይነካውም። በመሆኑም አጭር ሩጫ ጾመው መሮጥ ጤናማውን ሰው አይጎዳውም፤ ሁለት ሰዓት የሚፈጀው ግን ከዚያ የተለየ ነው። ጣፋጭ ሻይ ጠጥተው ከግማሽ ሰዓት በኋላ ሩጫ የሚጀምሩ አንዳንድ ሰዎች ደግሞ በመጀመሪያዎቹ 20 ደቂቃዎች የመንቀጥቀጥና የላብ ስሜት ያድርባቸዋል። ሻይው ያስነሣው ኢንሱሊንና የጡንቻው መኮማተር በአንድነት ስኳሩን ስለሚያወርዱት ነው። ብዙውን ጊዜ በራሱ ያልፋል፤ ሰዓቱን መለወጥም ይበቃል።

ለምርመራ የሚሆን ደም መቼ ይወሰድ?

በመጀመሪያው ምሳሌ የቀረበው ወጣት ጾሞ መምጣቱ እውነት ነው፤ ነገር ግን «የጾም» የሚባለው ምርመራ ቢያንስ 8 ሰዓት ካለመብላት በተጨማሪ ያረፈ አካልን ይፈልጋል። ከስፒድ ልምምድ በኋላ የተወሰደ ደም ለበሽታው ማረጋገጫ ሊሆን አይችልም። ወጣቱ ከባድ ልምምድ ባልሠራበት ማግስት፣ ጠዋት ሳይሮጥ ተመልሶ ቢመረመር ነገሩ ይለያል። የበሽታው ምልክት ለሌለው ሰው አንድ ቁጥር ብቻውን በሽታውን አያረጋግጥም፤ በሌላ ቀን ወይም በሌላ ምርመራ መደገም አለበት። ወጣት ዕድሜው ላይ «ስኳር አለብህ» ተብሎ ልምምዱን ያቆመ፣ ከክለቡም የወጣ ሰው ከዓመት በኋላ «ተሳስተን ነበር» ቢባል የባከነው ጊዜ አይመለስለትም።

ማራቶን በተሮጠ ማግስት የሚደረግ የግሉኮስ መጠጥ ምርመራም አሳሳች ነው። መጠነኛ ልምምድ ኢንሱሊን በጡንቻ ላይ ያለውን ኃይል ለአንድና ለሁለት ቀን ቢጨምርም፣ ጡንቻን የሚያቆስል ሩጫ፣ በተለይም ረጅም ቁልቁለት ያለበት፣ ለጊዜው ይቀንሰዋል። ለጉልበት ወይም ለጅማት የተሰጠ የስቴሮይድ መርፌም የደም ስኳርን ለቀናት ከፍ ሊያደርግ ስለሚችል ሯጭን «መርፌ ተወግተሃል?» ብሎ መጠየቅ የግድ ነው።

ይህ ሁሉ ሲባል የሯጭን ከፍተኛ ቁጥር ሁሉ ለልምምድ መስጠት ሌላ ስሕተት ነው። ሯጭም የስኳር በሽታ ይይዘዋል። ክብደቱ ያለ ምክንያት የቀነሰ፣ ሌሊት ለሽንት ደጋግሞ የሚነሣ፣ ውኃ የማያረካው ወጣት ቁጥሩ ከ200 በላይ ከሆነ የሯጭ ቅጥነት ሊያዘናጋ አይገባም፤ ልምምድ ሠራም አልሠራም በዚያው ቀን ኪቶን ይለካለት፣ ሕክምናውም አይዘግይ። በሯጮች መካከል መክሳት እንደ ሙያ ግዴታ ስለሚታይ ይህ ምልክት በቀላሉ ይታለፋል።

አንድ ትንሽ ነገርም መዘንጋት የለበትም። ሙዝ ወይም ብርቱካን የላጠ፣ ለስላሳ የጠጣ ሯጭ ጣት ላይ የቀረው ስኳር ቁጥሩን በብዙ ሊያንረው ይችላል። እጅን በውኃና በሳሙና አጥቦ፣ አድርቆ መለካት ከብዙ ጥርጣሬ ያድናል።

ኢንሱሊን የሚወስደው ሯጭ

የዓይነት 1 ስኳር በሽታ ያለበት ሰው ኢንሱሊኑን አንድ ጊዜ ከተወጋ በኋላ ሩጫ ስለ ጀመረ አካሉ መጠኑን ሊቀንሰው አይችልም። ዝግ ያለ ሩጫ በጀመረ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ስኳሩ የሚወርደው በዚህ ምክንያት ነው፦ የተወጋው ኢንሱሊን ጉበትን ይይዛል፣ ጡንቻው ደግሞ ይወስዳል። በ2017 የወጣው ዓለም አቀፍ የባለሙያዎች የጋራ ስምምነት እስከ አንድ ሰዓት ለሚደርስ ዝግ ያለ ልምምድ መነሻው ከ126 እስከ 180 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር ቢሆን ይመረጣል ይላል። ከ90 በታች ከሆነ ከ10 እስከ 20 ግራም ግሉኮስ ወስዶ ስኳሩ ከ90 በላይ እስኪሆን መጠበቅ፣ ያለ ግልጽ ምክንያት ከ270 በላይ ከሆነ ደግሞ ኪቶን መለካት ይገባል። የደም ኪቶን 1.5 ሚሊ ሞል በሊትርና ከዚያ በላይ ከሆነ ልምምድ አይሠራም። ባለፉት 24 ሰዓታት ውስጥ በሌላ ሰው እርዳታ ከተነሣበት የስኳር ማነስ የወጣ ሰውም በዚያ ቀን አይሮጥ። አንድ የስኳር ማነስ ቀጥሎ ለሚመጣው የሚሰጠውን የአካል መከላከያ ያዳክመዋልና፣ ሁለተኛው ያለ ማስጠንቀቂያ ሊመጣ ይችላል።

ከልምምድ በፊት ምግብ የሚበላ ከሆነ የፈጣኑ ኢንሱሊን መጠን እንደ ልምምዱ ክብደትና ርዝመት ከ25 እስከ 75 በመቶ ይቀነሳል። ጠዋት ከቁርስና ከኢንሱሊን በፊት የሚሮጥ ከሆነ ግን ስኳሩ እምብዛም አይወርድም፤ አንዳንዴም ይወጣል። ለብዙ የሀገራችን ሯጮች ዋናው ልምምድ በማለዳ መሆኑ በዚህ ረገድ ይጠቅማቸዋል።

አሁን ወደ 290 እንመለስ። ይህ ቁጥር ሁለት ትርጉም ሊኖረው ይችላል። አንደኛው አድሬናሊን ያመጣው ጊዜያዊ ከፍታ ነው፤ ሁለተኛው የኢንሱሊን እጥረት ነው። ሁለተኛው ተዘንግቶ ሯጩ ቢሰናበት ኪቶአሲዶሲስ ሊከተል ይችላል። መለያው ብዙ መሣሪያ አይጠይቅም። ከልምምዱ በፊት የነበረው ቁጥር በተፈለገው ክልል ውስጥ ከነበረ፣ ልምምዱ በእርግጥ ኃይለኛ ከነበረ፣ ኪቶን ከሌለ፣ ማቅለሽለሽና ጥም ከሌለ የአድሬናሊኑ ነገር ይበልጥ ያመዝናል። አንድ ሰዓት ጠብቆ መድገም መልሱን ያጠራዋል፦ ጊዜያዊው ይቆማል ወይም መውረድ ይጀምራል፤ የእጥረቱ ግን መውጣቱን ይቀጥላል። ከልምምዱ በፊትም ከፍ ያለ ከነበረ፣ የኢንሱሊን መርፌ ካመለጠ፣ ሽንቱ ኪቶን ካሳየ ሩጫን ምክንያት ማድረግ አይገባም።

ጊዜያዊ መሆኑ ከታወቀ የመጀመሪያው መድኃኒት ከ10 እስከ 20 ደቂቃ ዝግ ያለ ሶምሶማ ነው። ማስተካከያ ኢንሱሊን የግድ ካስፈለገ ከተለመደው መጠን ግማሹ ብቻ ይሰጣል። ምክንያቱ ከሰዓታት በኋላ የሚመጣው ውድቀት ነው። ባዶ የሆነው ጡንቻ ግላይኮጅኑን መልሶ ለመሙላት ከደም ስኳር ይስባል። በአውስትራሊያ በወጣቶች ላይ በተደረገና በ2007 በታተመ ጥናት ከሰዓት በኋላ ልምምድ የሠሩ የዓይነት 1 ሕሙማን የግሉኮስ ፍላጎታቸው ሁለት ጊዜ ከፍ ብሎ ታይቷል፤ አንደኛው ወዲያው፣ ሁለተኛው ከ7 እስከ 11 ሰዓት ቆይቶ። ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ ልምምዱን የጨረሰ ሯጭ ላይ ይህ ጊዜ ከሌሊቱ 6 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት ይውላል። ማታ የተወጋው ኤን ፒ ኤች ኢንሱሊንም ጉልበቱ የሚበረታው በእነዚሁ ሰዓታት ነው። ሁለቱ ሲገጣጠሙ ሯጩ ተኝቷል፤ ላቡን የሚያይ፣ ንግግሩ መወለጋገዱን የሚሰማ የለም። የጠዋቱ ልምምድ በትክክል በዚያው ሥርዓት ይመራል ለማለት አያስደፍርም፤ ይሁንና የጠዋት ኤን ፒ ኤች የሚበረታው ከምሳ ሰዓት አንስቶ እስከ ማምሻው በመሆኑ ከልምምድ በኋላ የሚተኛው የቀን እንቅልፍ ሊታሰብበት ይገባል። ከመተኛት በፊት መለካት፣ ስኳሩ ዝቅ ወደሚለው ካዘነበለ ዳቦ ወይም በሶ መብላት፣ ከሰዓት በኋላ ከባድ ልምምድ በተሠራበት ቀንም የማታውን ኢንሱሊን ከሐኪም ጋር ተመካክሮ 20 በመቶ ያህል መቀነስ ይረዳል። ስትሪፕ በበቂ ለማያገኝ ሕሙም ደግሞ ሁለቱ ሊታለፉ የማይገባቸው መለኪያዎች ከልምምዱ በፊትና ከመተኛት በፊት ያሉት ናቸው።

ኃይለኛ ሩጫ ስኳርን ማውጣቱ ለጥቅምም ሊውል ይችላል። ቡሶና ባልደረቦቹ በ2006 እንዳሳዩት ከመጠነኛ ልምምድ በኋላ የተደረገ የ10 ሴኮንድ ሙሉ ኃይል ሩጫ በዓይነት 1 ሕሙማን ላይ ስኳሩ ለቀጣዮቹ 2 ሰዓታት ይበልጥ እንዳይወርድ አድርጓል። ስኳሩ ወርዶ ምልክት ለሚታይበት ሰው ግን ይህ ሕክምና አይደለም፤ የሚያስፈልገው ስኳር ነው።

መርፌው የሚወጋበት ቦታም ልዩነት ያመጣል። ለሩጫ በተቃረበ ሰዓት ጭን ላይ የተወጋ ኢንሱሊን በሚሠራው እግር የደም ፍሰት ምክንያት ቶሎ ይሰራጫል፤ ስለዚህ ሆድ ይመረጣል። ከሁሉ በላይ የሚያሳስበው ግን የሯጩ ቅጥነት ነው። ከቆዳው ሥር ያለው ስብ እጅግ ስስ ስለሆነ በረጅም መርፌ ቀጥ አድርጎ የሚወጋ ሰው ኢንሱሊኑን ጡንቻ ውስጥ ሊያስገባው ይችላል። በሚሠራ ጡንቻ ውስጥ የገባ ኢንሱሊን በድንገት ይሠራል። ባለሙያው «እንዴት እንደምትወጋ አሳየኝ» ብሎ በዓይኑ ማየት፣ ቆዳውን ቆንጥጦ መወጋትን ማስተማር አለበት። መጠኑ ትክክል ሆኖ ስኳሩ ያለ ምክንያት የሚወድቅበት ሯጭ ሲያጋጥም ከሐኪም ማዘዣው በፊት የሚታየው የአወጋግ ዘዴው ነው።

ከ2001 ጀምሮ በየዓመቱ በሚካሄደው ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ ከወጣት ሯጮች ጎን በመድኃኒት የሚረዱ የዓይነት 2 ሕሙማንም ይሮጣሉ። ሜትፎርሚን ብቻውን የሚወስደው በስኳር ማነስ የመጠቃቱ ዕድል አነስተኛ ነው። ግሊቤንክላማይድ የሚወስደው ግን፣ በተለይ ኩላሊቱ የደከመ ከሆነ፣ ስኳሩ ወርዶ ከታከመ በኋላም ተመልሶ ሊወርድ ስለሚችል ለአንድ ቀን ያህል መጠበቅ ያስፈልገዋል። ግሉኮስ ተሰጥቶት «ነቅቷል» ተብሎ ወደ ቤቱ የተላከ ሰው በሌሊት ተመልሶ ራሱን መሳቱ በሕክምናው ዓለም የታወቀ ነው።

«ግሉኮስ ይተከልልኝ»

ከከባድ ልምምድ ሳምንት በኋላ ጤናማ ሯጮች ወደ ክሊኒክ መጥተው ይህን ይጠይቃሉ። አንድ ሊትር ባለ 5 በመቶ ግሉኮስ የሚይዘው 50 ግራም ስኳር ነው፤ ከ100 ግራም ገደማ ዳቦ የሚገኘው ካርቦሃይድሬት ከዚያ አያንስም። ጥቅሙ ይህን ያህል ትንሽ ሆኖ ሳለ ለሯጩ ሌላ ጣጣ ያመጣበታል። በዓለም ፀረ አበረታች መድኃኒቶች ደንብ መሠረት በ12 ሰዓት ውስጥ ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ በደም ሥር መስጠት፣ በሆስፒታል ሕክምና፣ በቀዶ ጥገና ወይም በምርመራ ሂደት ተገቢ ሆኖ ካልተሰጠ በስተቀር፣ የተከለከለ ነው። ኢንሱሊንም ከተከለከሉት አንዱ ስለሆነ የስኳር ሕሙም የሆነ ተወዳዳሪ ለሕክምና አገልግሎት የሚሰጠውን ልዩ ፈቃድ መያዝ አለበት። ማመልከቻው የሚደገፈው በሐኪም ማስረጃ በመሆኑ የምርመራ ውጤቶቹ ከመጀመሪያው በካርዱ ላይ ተሟልተው መገኘት ይኖርባቸዋል።

ሮጦ የወደቀ ሰው

በመጨረሻው መስመር ላይ የሚወድቅ ሯጭ ሁሉ ስኳሩ የወረደ አይደለም። ብዙዎቹ የሚወድቁት ሩጫው በድንገት ሲቆም ደም በእግር ስለሚጠራቀም ነው፤ እግራቸው ከፍ ሲደረግ ይነሣሉ። ንቃቱ የተዛባ ሰው ግን የሙቀት መጠኑ፣ የደም ስኳሩና የሚቻል ከሆነ ሶዲየሙ ይለካለት። በ2002 በቦስተን ማራቶን ደማቸው ከተመረመረው 488 ሯጮች 13 በመቶው ሶዲየማቸው ከ135 በታች ወይም እኩል ሆኖ ተገኝቷል፤ ዋናው ምክንያት ውኃ ከመጠን በላይ መጠጣት ነበር። እንዲህ ያለው ሰው ይደናገራል፣ ያስታውካል፣ ይንዘፈዘፋል፤ በዓይን ሲታይ ከስኳር ማነስ የሚለየው ጥቂት ነው። ስኳሩ ሳይለካ አንድ ከረጢት ባለ 5 በመቶ ግሉኮስ ቢሰጠው ስኳሩ ይቃጠልና የሚቀረው ንጹሕ ውኃ ይሆናል፤ የአንጎሉንም እብጠት ያባብሰዋል።

መለኪያ በእጅ ከሌለና ሕሙሙ ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላማይድ እንደሚወስድ ከታወቀ ግን ጊዜ ማጥፋት አይገባም፤ ባለ 40 በመቶ ግሉኮስ ከ40 እስከ 50 ሚሊ ሊትር በደም ሥር ይሰጠዋል። ይህ ትንሽ መጠን ስለሆነ ግምቱ ስሕተት ቢሆን እንኳ እንደ ከረጢቱ አይጎዳውም። በጡንቻ የሚሰጠው ግሉካጎን በሌላ ጊዜ አስተማማኝ ነው። ነገር ግን የሚሠራው ከጉበት ግላይኮጅንን በማስለቀቅ በመሆኑ፣ 42 ኪሎ ሜትር ሮጦ ጉበቱ የተሟጠጠ ሰው ላይ ደካማ ውጤት ሊያሳይ ይችላል። 10 ደቂቃ ጠብቆ ያልነቃ እንደሆነ የደም ሥር መፈለግ ይሻላል፤ ሲነቃም የመጀመሪያው ትእዛዝ መብላት ነው።